ቀንስ

ከኮምቦልቻ ሙቀት፣ የሐረጎን ጥምዝ፣
በሚኒባስ ወጥታ፣ ጭኗ እስኪደነዝዝ፣
ያንን ያረጀ አምፕሊፋየር እንደ ሕፃን ታቅፋ፣
ከሱቄ በር ደረሰች፣ የጦሳን ጉም ገፍፋ።

«ይማም ማለት እርስዎ?» — «እኔው ነኝ፤ አስቀምጪው።»
«ረውዳ እባላለሁ። የአባቴ ነበረ፤ አሁን እኔ ነኝ የምጫወተው።
ድምፁ ግን ታፍኗል፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ እንደሚያወራ ሰው፤
እባክዎ የሆነ ነገር ይጨምሩበት፣ ጉሮሮውን ይጥረጉለት፤
ሌላ መግዣም የለኝ፣ ያለኝ ይኸው ነው።»

«ማን ነበር አባትሽ?»
«አበጋዝ። ከጨርቃ ጨርቅ።»
መፍቻው ከእጄ አመለጠ። ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ቆየሁ፣
ከሚያስፈልገው በላይ፣ ፊቴ ከፊቷ እንዲርቅ።

ጀርባውን ስከፍተው፣ የበረሮ ክንፍ፣ የዝገት ሽታ፣
የጥጥ ብናኝ ተኝቷል፣ የስንቱ ፈረቃ፣ የስንቱ ማታ።
«እጅሽን መልሺ» አልኳት፣ «ቆይ ብቻ፣ አብሽሪ፤
ሶኬቱን ነቅለሽም ቢሆን ይህን ነገር ፍሪ።
እነዚህ ካፓሲተሮች፣ መብራት ቢጠፋ፣ ቀን ቢያልፍ እንኳ፣
የጠጡትን አይረሱም፤ ይጠብቃሉ የሚነካ።»

ያበጡትን ነቀልኩ፣ አዲስ ተካሁላት፤
የማዞሪያውን ዝገት በአልኮል አጠብኩላት፤
የስፒከሩን ቅዳጅ በስስ ወረቀት፣ በሙጫ ለጠፍኩላት።
ይህን ሁሉ ያደረግሁ፣ ወላሂ፣ ለመዘግየት።
የምፈልገው አንድ ነገር የት እንዳለ አውቃለሁ።
ከሁለተኛው ቫልቭ ሥር። ሳላየው አየዋለሁ።

ቡናማ፣ ምስር የምታህል፣ ሲሠራ ያልነበረች፣
አንድ እግሯን ከድምፁ መንገድ፣ አንዷን ከመሬት ያሰረች፤
ሊዷ ተንጠባጥቦ፣ እንደ ጧፍ ቀልጦ የወረደ፣
የጀማሪ እጅ ሥራ፣ ካውያ ይዞ የራደ።
ያንን እጅ አውቀዋለሁ።
እስካሁን ሻይ እጠጣበታለሁ።

የመፈክር ዘመን ነው፤ የሠራተኞች ክበብ፤
ካድሬው ንግግር ላይ ነው፣ ወረቀቱን ሲያነብ፤
አበጋዝ ከጀርባው ጊታሩን በባቲ ይቃኛል፤
ከዚያ ሁሉ ጭብጨባ የእሱ ክር ይሰማል።
«ቀንስ!» አሉት። ሳቀ። «የሚቀነስ የለኝም» አለ።
ማታ በእኔ በር ሰው ቆመ፤ ሽጉጡ እንዲታየኝ
ኮቱን ከፈት አድርጎ፣ «አንተ ቀንስለት» አለ።
ቀነስኩለት።
ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ልቤ ጉሮሮዬ ላይ እየዘለለ።

ከዚያ ወዲያ ቀጭኑ ድምፅ፣ ያ የሚወጋው፣ የሚያበራው፣
በምስሯ እግር ወረደ፣ ወደ መሬት፣ ማንም ሳይሰማው።
አበጋዝ ክር ለወጠ። ጥፍሩን አሳደገ። ማዞሪያውን እስከ ጥግ ገፋ።
አንድ ቀን ሰኞ ገበያ አገኘኝና መዳፉን ዘረጋ፤
«ይማም፣ ጣቴ ከበደ መሰለኝ፤ ያ ነገር ከእጄ ጠፋ።»
«አብሽር» አልኩት።
ሌላስ? ምንም። የሽንኩርት ዋጋ ጠየቅሁት።
ጊታሩን ሰቀለው አሉ፤ ከማግና ከድር ጋር አረጀ ሲሉ ሰማሁት።

ቀጭ።
በመቁረጫ ጫፍ፣ ዓይን እስኪርገበገብ ባልሞላ ጊዜ።
ቫልቮቹ ፍም ጎረሱ፤ ቀስ ብሎ ሞቀ ያ ቆርቆሮ፣ ያ ትካዜ።

ረውዳ አንድ ክር ነካች።
ከግድግዳው ወዲያ ልብስ ሰፊው ፔዳሉን አቆመ፤
ከሞቱት ሬዲዮኖቼ የአንዱ መስታወት አጉረመረመ።
ስል ነበረ፤ ሸዋ በር ጉም መሃል ክብሪት የተጫረ ያህል፤
የአበጋዝ ጣት አልከበደም ነበር።
አልከበደም፤ ይኸው ይላል።

«ኧረ አባባ!» አለች፣ «ምንድን ነው የጨመሩበት?»
«ቀነስኩ» አልኳት።
«ሂሳቡስ?»
አንደበቴ ተሳሰረ። ዋጋው የከበደ መስሏት፣ ቦርሳዋን እየዳበሰች፣
«ትንሽ ይቀንሱልኝ» አለች።

ያቺ ምስር መዳፌ ውስጥ ናት፤
ተነቅላም ትነዝራለች።